በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የሚጠበቀው የዶሮ ዘር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሮጌው የአዳማ መንገድ አቃቂንና ዱከምን አልፎ የሚወርድ መንገደኛ፣ 47 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቢሾፍቱ ይገባል። ከተማይቱ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል ነበር፤ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠራት ሰው ጥቂት አይደለም። አየሯ ከአዲስ አበባው ሞቅ ያለ ነው። ዙሪያዋን የአድአ ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ከቧታል። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የተባሉት ሐይቆቿ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከጎዳናው ጥቂት ፈቀቅ ያለ ሰው ሳያስበው ከገደል አፋፍ ይደርስና ከበታቹ ክብ ሆኖ የተኛውን ውሃ ያያል።

ስለነዚህ ሐይቆች ብዙ ተጽፏል፤ በሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ስለሚከበረው ስለ ኢሬቻ በዓልም እንደዚሁ። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ዶሮ ነው። አንባቢ በዚህ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። ዶሮ በየጓሮው ስለምትታይ ማንም ሰው ልብ ብሎ አይመለከታትም። ይሁን እንጂ ቢሾፍቱ ከሐይቅ ከተማነቷ ሌላ የዶሮ ከተማም ናት። ታላላቅ የዶሮ እርባታዎችና የጫጩት መፈልፈያዎች በዙሪያዋ ይገኛሉ። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ እንዲሁም ለመላው አገር የከብትና የዶሮ ክትባት የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም በዚሁ ይገኛሉ። በዚህች ከተማ የፈረንጅ ዶሮና የሐበሻ ዶሮ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከሁለቱ የማንኛው ዘር ነገ በአገራችን ጓሮ እንደሚቀር የሚወስነውም ትግል እዚሁ ጎልቶ ይታያል።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ዘር ውርስ በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ነገር በመሬት ላይ ለማየት ስል ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ወርጄ ሦስት ቀን ሰነበትሁ። ያየሁትንና የተማርሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ዶሮ ወደ አገራችን የገባችበት ዘመን

ዶሮ በመሠረቱ የእስያ ወፍ ናት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ወደኛ የመጣችው ግን ትናንት አይደለም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ሥፍራ የመሬት ቁፋሮ ያካሄዱ አርኪዮሎጂስቶች ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር ውስጥ የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። በእ.ኤ.አ. 2016 የታተመው ጥናታቸው እንደሚያስረዳው ከአጥንቶቹ የጥንቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ የኖሩ ዶሮዎች ናቸው። ይህም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከተገኙት የዶሮ ቅሪቶች ሁሉ እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው።

እንግዲህ የሐበሻ ዶሮ የምንላት ወፍ ወደ ሦስት ሺህ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ከአገራችን ብርድና ሙቀት፣ ከጭልፊቱና ከሸለምጥማጡ፣ ከረኃቡም ጭምር ጋር ስትታገል የቆየች ናት። መኖ የሚገዛላት፣ ቤት የሚሠራላት አልነበረም። ደካማው ሞተ፤ ብልኋና ጠንካራዋ ተረፈች። ዛሬ በየደጁ ስትጭር የምናያት የዚያች የተረፈችው ልጅ ናት።

በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ያህል ቢሆን ነው። በእርባታ ቤት ውስጥ ተመጥኖ የሚቀለበው የፈረንጅ ዶሮ ግን በዓመት ወደ 300 ይደርሳል። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው የሐበሻዋን ዶሮ ሰነፍ ይላታል። ዳሩ ግን ሰነፍ የተባለችው ዶሮ እንቁላል በማትጥልበት ጊዜ ምን ስትሠራ እንደምትቆይ መጠየቅ ይገባል። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ሁለትና ሦስት ወር ያህል ጫጩቶቿን ከጭልፊት እየጠበቀች፣ መጫርን እያስተማረች ታሳድጋለች። መፈልፈያ መኪናም፣ ማሞቂያ መብራትም፣ ጠባቂም እርሷ ራሷ ናት። ለእንቁላል ብቻ ተመርጦ የተራባው የፈረንጅ ዶሮ ይህን ጠባይ አጥቶታል።

በአንዲት እናት ጓሮ

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ አንዲት እናት ጓሯቸውን አሳዩኝ። በጓሯቸው አሥራ አንድ ዶሮ ቆጠርሁ። ዶሮዎቹን ባየሁ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች እንዳልሆኑ ወዲያው ገባኝ። አንዳንዶቹ ረጃጅምና ቀያዮች ናቸው፤ ሌሎቹ አጫጭርና ዝንጉርጉር ናቸው።

«እማማ፣ እነዚህ ቀያዮቹ ከየት መጡ?» አልኋቸው።

«እነዚህማ የፈረንጁ ልጆች ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «የዛሬ ሦስት ዓመት አራት ቄብና አንድ አውራ ሰጡኝ። ቄቦቹ ደጎች ነበሩ፤ ቀለብ እስካላቸው ድረስ ቀን በቀን ይጥላሉ። በኋላ መኖው ተወደደ። ሁለቱን ጭልፊት ወሰደብኝ፤ ከጭልፊት መሸሽ አያውቁም። የቀሩትን ሸጥኋቸው። አውራው ግን ግርማው ደስ ስላለኝ አስቀረሁት።»

ነገሩ የተበላሸው በዚህ አውራ ነው። ትልቅና ጉልበተኛ ስለነበረ የአገሬውን አውራዎች አባርሮ ጓሮውን ብቻውን ገዛው። ከእርሱ የተወለዱት ቄቦች ከእናቶቻቸው ይልቅ ክብደት አላቸው፤ እንቁላልም ይበልጥ ይጥላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሁሉ ተደሰተ። ነገር ግን ከአራቱ ቄቦች መካከል ለመታቀፍ የተቀመጠችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም በአሥረኛው ቀን እንቁላሉን ጥላ ተነሣች።

«የሚታቀፍ ከሌለ ጫጩት የለም» አሉ እማማ። «ጫጩት ከሌለ በየዓመቱ ልገዛ ነው? ዶሮኮ ለእኔ ቦርሳዬ ናት። ጨው ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ አንዷን ይዤ ገበያ እወጣለሁ።»

ከዚያ ወደ ቤቱ ጥግ ወስደው አንዲት አሮጊት ገብስማ ዶሮ አሳዩኝ። በእንቅብ ውስጥ በገለባ ላይ ተቀምጣለች። ከጥንቱ ዘራቸው የቀረችው እርሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ የጣሉትን እንቁላልም የምትታቀፈው እርሷው ናት። «ይቺ ስትሞት ቤቱ ባዶ ነው» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ገበያ ሊወጡ ያሰቡትም ለዚህች ዶሮ የሚሆን የአገር አውራ ለመግዛት ነበር፤ እኔም አብሬያቸው ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ስሟ የማይታወቅ ሀብት

እዚህ ላይ ስለ ስሞች ጥቂት ልናገር። የገጠር ሰው ዶሮውን «ዶሮ» ብሎ አይተወውም። አመድማ መልክ ያለባትን ገብስማ፣ ነጭና ቀይ የተቀላቀለባትን ወሰራ ይላል፤ ቴተርማም አለ፣ ኮክማም አለ፣ ልበ ወርቅም አለ። አንገቷ ላባ የሌላትን መላጣ ይላታል። መላጣዋን የከተማ ሰው በሽተኛ መስላው ይጸየፋታል፤ ነገሩ ግን በሽታ አይደለም። ከአንድ የዘር ቅንጣት የሚመጣ መልክ ነው፤ አንገቷ ገላጣ በመሆኑም ሙቀቷን በቶሎ ስለምታስወጣ በቆላ አገር ሙቀት ከሌሎቹ የተሻለ ትችላለች።

የአውራዎቹ የራስ ጉትያም እንደዚሁ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ነጠላና እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ነው፤ አንዳንዱ ድርብ ነው፤ አንዳንዱ አጭርና ጉብጉብ ያለ ነው። በእ.ኤ.አ. 1902 ዊልያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ መንደል በአተር ላይ ያገኘው የዘር ውርስ ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ ያስረዳው በዶሮ ጉትያ ነበር። እኛ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በጠመኔ የምንሥለው ትምህርት በሕይወት ቆሞ በየመንደሩ ይጮኻል፤ እኛ ግን ቀና ብለን አላየነውም።

ምርጡ አውራ ወዴት ይሄዳል?

የፋሲካ ሰሞን የዶሮ ገበያ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም ሊፈታ ነውና የገበያው ጩኸት የሰውና የዶሮ ድብልቅ ነበር። አውራዎቹ እግራቸው ታስሮ በየመሬቱ ተጋድመዋል። ገዢ ሁሉ አንሥቶ ይመዝናል፤ ደረቱን ይዳስሳል፤ ጉትያውን ያያል። ጉትያው ድርብ የሆነ ቀይ አውራ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

እማማ ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር። የእግሩን ጥንካሬ፣ የዓይኑን ንቃት፣ ከየት መንደር እንደ መጣና እናቱ ስንት ጫጩት እንዳሳደገች ይጠይቃሉ። በመጨረሻ አንድ ወሰራ አውራ ወደዱ። ደረቱ ሰፊ፣ ላባው የሚያበራ፣ ሰው ሲቀርበው አንገቱን ቀና የሚያደርግ ዶሮ ነበር። ከሻጩ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ ሳሉ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው በላያቸው ላይ ጨምሮ ሰጠና አውራውን አንጠልጥሎ ሄደ። እማማ ከኋላው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና «አየህ፣ ልጄ? የእርሱ ዘር እሑድ ድስት ገባ» አሉኝ።

ይህች አንዲት ቃል ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተማረችኝ። በአገራችን የዶሮ ዘር የሚጠፋው ሰው ስለሚጠላው አይደለም፤ እንዲያውም ስለሚወደው ነው። ያማረውን፣ ቶሎ የሚያድገውን፣ ትልቁን አውራ ልጅ ሳይወልድ ለበዓል እንሸጠዋለን። በጓሮ የሚቀረው ገበያ ያልፈለገው ኮሳሳው ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ጫጩት ሁሉ አባት የሚሆነውም እርሱ ነው። ይህን ዓመት ከዓመት ካደረግን በኋላ «የሐበሻ ዶሮ አያድግም» ብለን እንፈርድባታለን። በዚያም ላይ ከውጭ አውራ አምጥተን ያለ ሐሳብ እንደባልቅባታለን። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚሁ የተተረተ ይመስላል።

እማማ በመጨረሻ አንድ ገና መጮህ የጀመረ ትንሽ ወሰራ ገዙ። ለወጥ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ዋጋው ርካሽ ሆነ። በነጠላቸው ውስጥ አቅፈውት ተመለስን።

ከሽቦው ማዶ ያሉት የሆሮ ዶሮዎች

በማግስቱ ወደ ምርምር ማዕከሉ ሄድሁ። ወደ ዶሮዎቹ ቤት እንደ ልብ አይገባም፤ የጎብኚ ጫማ በሽታ ሊያስገባ ስለሚችል ያየሁት ከሽቦው ማዶ ሆኜ ነው። ላዩን ለሚመለከት ሰው የገጠር ዶሮዎች ናቸው፤ ቀይም፣ ጥቁርም፣ ገብስማም አለባቸው። ነገር ግን ታሪካቸው የተለየ ነው።

በእ.ኤ.አ. 2008 የማዕከሉ ተመራማሪዎች በኔዘርላንድ ከሚገኘው ከዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆሮ አካባቢ ገበያዎች እንቁላል ሰብስበው እዚህ ቢሾፍቱ አስፈለፈሉ። ከዚያም የፈረንጅ ደም ሳይጨምሩባቸው በየትውልዱ እንቁላላቸውን እየቆጠሩ፣ ክብደታቸውን እየመዘኑ፣ ከሁሉ የተሻሉትን ሴትና አውራ ለወላጅነት ማስቀረት ጀመሩ። ማለትም በገበያው ላይ የምናደርገውን ተቃራኒ አደረጉ፤ ምርጡን ለዘር፣ የቀረውን ለድስት። ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ከትውልድ ወደ ትውልድ የእንቁላሉ ቁጥርም የሰውነታቸው ክብደትም እየጨመረ ሄደ። እንግዲህ የሐበሻ ዶሮ አታድግም የተባለው መራጭ በማጣቷ እንጂ በዘሯ ምክንያት ብቻ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ።

ይህ ሥራ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የመሳሰሉት የፈረንጅ ዶሮዎች በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን መግባት የጀመሩት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ማሻሻል ማለት የፈረንጅ አውራ ማምጣት ማለት ሆኖ ቆየ። እኔ የፈረንጅን ዶሮ አልነቅፍም። ለከተማ ሕዝብ እንቁላል የሚያቀርበው በብዛት እርሱ ነው፤ በእርባታ ቤት ውስጥ መኖውና ሐኪሙ ሳይጓደልበት ሥራውን ይሠራል። የምነቅፈው ሁለቱን ያለ ቦታቸው ማደባለቁን ነው። የእርባታ ቤቱ ዶሮ ለእርባታ ቤት፣ የጓሮው ዶሮ ለጓሮ ተፈጥሯል።

ደግሞም የሐበሻ ዶሮ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። የምዕራቡን የሆሮን ዶሮና በሐረርጌ ያለውን የጃርሶን ዶሮ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ሁለቱ በዘራቸው ተለይተው የቆሙ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። የቲሊሊም አለ፤ የቴፒም አለ። በቢሾፍቱ የሆሮ ዘር ዳነ ማለት የሌሎቹ ዳነ ማለት አይደለም።

ይህም ነገር ከእህል ዘር የሚለይበት ምክንያት አለ። የጤፍና የገብስ ዘር ደርቆ በቀዝቃዛ መጋዘን ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ በአዲስ አበባ በእ.ኤ.አ. 1976 የተቋቋመው የዘር ማዕከል፣ ማለትም የዛሬው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ይህን ሲሠራ ኖሯል። የዶሮ እንቁላል ግን ቀዝቅዞ አይከርምም። የዶሮ ዘር ዓይነተኛ መጠበቂያው ሕያዋን ዶሮዎች ናቸው፤ መጋዘኑም የገበሬው ጓሮ ነው።

ሌሎች ስለ ድንክ ዶሮ ምን አደረጉ?

በአውሮፓና በእስያ ባንታም የሚባሉ ድንክ ዶሮዎች አሉ። ስማቸውን ያገኙት ቀድሞ መርከበኞች ይነግዱበት ከነበረው በጃቫ ደሴት ካለው ከባንታም ወደብ ነው። ከነዚህም አንዱ ሴብራይት ይባላል። ሰር ጆን ሴብራይት የተባለው እንግሊዛዊ ባለ ርስት በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ገደማ ለብዙ ዓመታት እየመረጠ ያወጣው ዘር ነው። እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩን በጥቁር ጥለት የተከፈፈ ይመስላል። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ እንቁላሉም ጥቂትና ትንሽ ስለሆነ ለድስትም ለገበያም አይረባም። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ይህን ዶሮ እስከ ዛሬ ይጠብቁታል። ማኅበር አቋቁመው፣ መልኩን በደንብ ጽፈው፣ በየዓመቱ እያወዳደሩ ዘሩ እንዳይጠፋ አድርገዋል። በእ.ኤ.አ. 1973 ደግሞ በመጥፋት ላይ ላሉት የቤት እንስሳት ዘር ሁሉ የሚቆረቆር ማኅበር መሠረቱ።

እነርሱ ለዓይን ብቻ ደስ ለሚል ድንክ ወፍ ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ ለጨውና ለደብተር መግዣ ለምትሆነን፣ የበዓላችን ማዕድ ለሆነችው ዶሮ ምን ያህል ልንደክም ይገባናል? የእነርሱ ሀብት ገንዘባቸው ሳይሆን የጻፉት መዝገብ ነው። ዘሩ ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጓሮ ወደ ማን ጓሮ እንደ ሄደ ጽፈዋል። እኛ ግን ገብስማ ማለት በጎጃምና በወለጋ አንድ መልክ መሆን አለመሆኑን እንኳ አልጻፍንም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህን ከምታነቡት መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ ተመርቃችሁ፣ ሌሎቻችሁም በዛሬው ዕለት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ተመድባችሁ ትሠራላችሁ። ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ሹመት ሳይጠይቅ ልትፈጽሙት የምትችሉት ሥራ እዚህ አለ።

መጀመሪያ፣ በተመደባችሁበት አገር ያሉትን ዶሮዎች በስማቸው ጠይቃችሁ ጻፉ፤ መልካቸውን፣ ጉትያቸውን፣ የምትታቀፈውንና የማትታቀፈውን ለዩ። ሁለተኛ፣ ለገበሬው የምትመክሩ ከሆነ ምርጡን አውራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጫጩት ሳያስፈለፍል እንዳይሸጠው ንገሩት፤ ያው አውራ የገዛ ልጆቹን እንዳይሰርር ደግሞ በየዓመቱ ከሌላ መንደር አውራ ጋር ይለዋወጥ። ሦስተኛ፣ የፈረንጅ ዶሮ የሚታደል ከሆነ በአጥር ውስጥ ይቀለብ፤ አውራው በመንደሩ ውስጥ አይለቀቅ። አራተኛ፣ ፈንግል የሐበሻውንም የፈረንጁንም ሳይለይ በአንድ ሳምንት ጓሮ ባዶ ያደርጋል፤ ክትባቱ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ይሠራልና ክረምት ሳይገባ እንዲደርስ ጠይቁ። ጫጩቶችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርጫት ሥር ቢጠበቁ ለጭልፊት የሚሆነው ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ሰው ይንቀዋል። ተደባልቆ የጠፋ ዘር ግን በማንኛውም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም። ሦስት ሺህ ዓመት የተሠራውን ሥራ ለማፍረስ ጥቂት ትውልድ የዶሮ ዕድሜ፣ ማለትም አሥር ዓመት የማይሞላ ጊዜ፣ በቂ ነው።

ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው ሐይቆቹን ይይ፤ ዓሣውንም ይብላ። ዳሩ ግን በመንገዱ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ስትሻገር ቢያይ መኪናውን ያቁም። የምትሻገረው ከአክሱም በፊት የመጣች የአገር ልጅ ናት።